በመደርደሪያ እያለ በካታሎግ የሚታጣ መጽሐፍ

ስለ ስሜን ተራሮችና ከተራሮቹ ግርጌ ስላሉት ስለ ደባርቅና ስለ ዳባት አገር የተጻፈው ጥቂት ነው የሚል ሰው ሲገጥመን፣ ጥቂት የሆነው የተጻፈው ሳይሆን ተፈልጎ የሚገኘው መሆኑን ልናስረዳው ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ያየውን በጉዞ መጽሐፉ ጽፎአል፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1855 በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑበትን ታሪክ የዜና መዋዕል ጸሐፍት መዝግበውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ በዩኔስኮ የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ከተቋቋመ ወዲህም፣ በፓርኩ ጠባቂነት ያገለገለው ሲ. ደብልዩ. ኒኮል በ1971፣ የዋልያን ኑሮ ያጠናው በርንሃርድ ኒቨርጌልት ደግሞ በ1981 እያንዳንዳቸው መጽሐፍ አሳትመዋል። በዳባት ወረዳም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ልደትና ሞት፣ ሕመምና ጤና እየተከታተለ ሲመዘግብ ስለ ኖረ፣ ከዚያ የወጣው የጥናት ጽሑፍ አንድ መደርደሪያ የሚሞላ ነው።

እንግዲህ በደባርቅ ከተማ ተቀምጦ የሚማር አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ለማግኘት ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በኮምፒዩተሩ ካታሎግ ላይ «ዋልያ» ብሎ ቢጽፍ፣ «ዋሊያ» ተብሎ የተመዘገበው መጽሐፍ አይመጣለትም። «ሰሜን» ብሎ ቢጽፍ ሰሜን ሸዋና ሰሜን ወሎ፣ ሰሜን አፍሪካና ሰሜን አሜሪካ በአንድነት ተሰልፈው ይቀርቡለታል፤ «ስሜን» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ደጋውን አገር ከአቅጣጫው ለመለየት ሲሉ እንዲህ የጻፉት ደራስያን ብቻ ይገኙለትና በ«ሰ» የጻፉት ይቀሩበታል። በእንግሊዝኛው ፊደል የአገሩ ስም ቢያንስ በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ከዚያም በኩል ያለው ችግር ከዚህ አያንስም። ወጣቱም በዚህ ጊዜ የሚደርስበት ፍርድ መጽሐፉ የለም የሚል ነው። መጽሐፉ ግን ከተቀመጠበት ወንበር ጥቂት እርምጃ ርቆ በመደርደሪያው ላይ አለ። ይህ ጸሐፊ ከዚህ በታች ሊያሳይ የሚፈልገው፣ ይህን ችግር የሚያቃልሉት ሶፍትዌሮች ዛሬ ያለ ዋጋ የሚገኙ፣ የውስጥ አሠራራቸውም ለሁሉ የተገለጠ ሆነው ሳሉ፣ የጎደለው ነገር እኛው ራሳችን የፊደላችንን ሕግ አለማስገባታችን መሆኑን ነው።

መጽሐፍን ቆጥሮ መመዝገብ ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በየአድባራቱና በየገዳማቱ ገበዙ የሚረከበው ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ተዘርዝሮ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ይኸውም አንዱ አስረካቢ ሌላው ተረካቢ የሚሆንበት የታመነ መዝገብ ነው። የመቅደላ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ለንደን ከተወሰዱ በኋላ ዊልያም ራይት በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩትን የግዕዝ መጻሕፍት ዘርዝሮ በ1877 ካታሎግ ሲያሳትም፣ የእኛን መጽሐፍ በባዕድ አገር መደርደሪያ የሚያስገኝ መሪ ተዘጋጀ፤ በአገራችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው በማሳተም ለዚህ ሙያ መሠረት ጣሉ። ወደ እኒህ ትልቅ ሰው ስም በኋላ እንመለሳለን፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ዝርዝር ያዘጋጁት ሊቅ ስማቸው ራሱ በዛሬው ካታሎግ ውስጥ ከማይጨበጡት ስሞች አንዱ ሆኖአልና።

ከካርድ መሳቢያው ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው ሽግግር በአፍሪካ ሁሉ እንደ ሆነው በአገራችንም በአብዛኛው የተጀመረው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ክፍያ ባደለው በሲ.ዲ.ኤስ. አይሲስ ነበር። አይሲስ በዘመኑ ትልቅ በረከት ነበረ፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የአማርኛ ርእስ ለመመዝገብ የነበሩት መንገዶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ወይ በላቲን ፊደል መጻፍ፣ ወይም እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በየፊናው በመረጠው ቦታ ባስቀመጠባቸው የፎንት ዓይነቶች መጻፍ። በእንዲህ ያለው ፎንት የተጻፈ መዝገብ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ይህን አሮጌ መዝገብ ወደ ዩኒኮድ መመለስ አሰልቺ ቢሆንም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ሥራ ነውና፣ ከሁሉ በፊት መሠራት ያለበት እርሱ ነው።

ዛሬ በዓለም ሰፊ ቦታ የያዘው ክፍት ምንጭ የቤተ መጻሕፍት ሥርዐት ኮሃ የሚባለው ነው። ኮሃ የተሠራው በኒው ዚላንድ አገር ሆሮዌኑዋ በተባለ የገጠር ወረዳ ላሉ ትናንሽ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ አሮጌው ሥርዐታቸው እ.ኤ.አ. ከ2000 መግቢያ እንደማያልፍ ባወቁ ጊዜ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ማሠራትን መርጠው እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሥራ አስጀመሩት፤ ከዚያም ማንም እንዲወስደው፣ እንዲያሻሽለው፣ ያሻሻለውንም ለሌላው እንዲያካፍል በይፋ ለቀቁት። አንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት ለራሱ ችግር ያበጀው መፍትሔ ለዓለም ሁሉ መትረፉን ሳስብ፣ ከደባርቅም ለሌሎች የሚተርፍ ሥራ ሊወጣ እንደሚችል ተስፋ አደርጋለሁ። በኢትዮጵያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ኮሃን የሚጠቀሙ የከፍተኛ ትምህርት ቤተ መጻሕፍት አሉ። በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው ኤቨርግሪን ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች በአንድ ካታሎግ እንዲገለገሉ ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ሁኔታ ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ይመስለኛል።

የኮሃ ፍለጋ የሚካሄደው ዜብራ ወይም ኢላስቲክሰርች በተባለ የማውጫ ሞተር ነው። ሞተሩ መጽሐፉን አያነብብም፤ የሚያነብበው ባለሙያው ማርክ 21 በተባለው የካታሎግ አመዘጋገብ ሥርዐት የጻፈውን መዝገብ ሲሆን፣ ከመዝገቡ እያንዳንዱን ቃል ነጥሎ በማውጫ ያስቀምጥና አንባቢው የጻፈውን ቃል ከዚያ ጋር ያስተያያል። በዚህ ማስተያየት «ሐ»ና «ሀ» ለሞተሩ እንደ «በ»ና እንደ «መ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በአንድ ድምፅ እንደምናነባቸው ማንም አልነገረውምና።

አሁን ወደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም እንመለስ። የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል በ«ኅ»፣ በ«ሕ» ወይም በ«ህ» ሊጻፍ ይችላል፤ የአባታቸው ስም «ሥ» በ«ስ»፣ መጨረሻው «ሴ»ም በ«ሤ» ይጻፋል፤ «ወልደ ሥላሴ» ደግሞ በሁለት ቃል ወይም ተጋጥሞ በአንድ ቃል ይጻፋል። ሦስቱን በሁለት፣ እንደ ገና በሁለት፣ እንደ ገናም በሁለት ብናበዛው የአንድ ሰው ስም በ24 ዓይነት ይጻፋል ማለት ነው። አንባቢው ከነዚህ አንዱን ሲጽፍ በቀሩት በ23ቱ የተመዘገበው ሁሉ ይሰወርበታል። ፀሐይ፣ ዓለም፣ ሠራዊት፣ ዐፄ፣ ኃይል የሚሉትን የዘወትር ቃላት የወሰደ ሰው ተመሳሳዩን ስሌት ለራሱ ሊሠራ ይችላል።

መፍትሔው የሚያስደንቅ ያህል አጭር ነው። ዜብራ ቃላትን የሚነጥልበት ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው በዋነኛነት ለላቲን ፊደል የተሰናዳው ሲ.ኤች.አር.፣ ሁለተኛው ለሌሎች ፊደላት የሚስማማው አይ.ሲ.ዩ. ነው። የሥርዐቱ ኃላፊ አይ.ሲ.ዩ.ን መርጦ፣ የቃላት ደንብ በሚገኝበት ፋይል ውስጥ «ሐ» እንደ «ሀ» ይቈጠር፣ «ሑ» እንደ «ሁ» ይቈጠር የሚል አንድ አንድ መስመር ይጽፋል። የ«ሐ»፣ የ«ኀ»፣ የ«ሠ»፣ የ«ፀ»ና የ«ዐ» ሰባት ሰባት ፊደላት 35 መስመር ይሆናሉ፤ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» የሚመልሱ ሁለት መስመሮች ሲጨመሩ፣ ዲቃሎቹን ፊደላት ሳንቈጥር 37 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ማውጫው እንደ ገና እንዲሠራ ማዘዝ ብቻ ይቀራል። ኢላስቲክሰርች ለሚጠቀምም ይኸው ሠንጠረዥ በሌላ መልክ ይገባለታል። ይህን ለማድረግ ግዢ፣ ጨረታ፣ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፊደል የቈጠረ ሰውና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው።

በዚህ ላይ ሊቃውንት የሚያነሡት ተቃውሞ ክብደት ያለው ስለ ሆነ በችኮላ ሊታለፍ አይገባም። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ነው። ፊደላቱን ማደባለቅ የአባቶችን የአጻጻፍ ሥርዐት ማፍረስ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘው ይከራከራሉ፤ እኔም በጽሑፍ ረገድ ከእነርሱ ወገን ነኝ። ነገር ግን ሊለዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ከላይ ያልነው ደንብ የሚነካው ማውጫውን እንጂ መዝገቡን አይደለም፤ ርእሱም የደራሲውም ስም መጽሐፉ ላይ እንደ ታተመው ተጠብቆ ለአንባቢው ይታያል። ከዚህም በላይ፣ ሉሲን በተባለው የፍለጋ መሣሪያ ላይ የታነጹት ሶልርና ኢላስቲክሰርች አንዱን ርእስ በሁለት ማውጫ፣ በአንዱ እንደ ተጻፈ፣ በሌላው ፊደሉ ተዋሕዶ፣ እንዲይዙት ማድረግ ስለሚቻል፣ ፊደሉን ጠንቅቆ ለጻፈ ሰው ትክክለኛው ቀድሞ፣ ተመሳሳዩ ተከትሎ እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ሊቁም አይበደልም፣ ተማሪውም ባዶ እጁን አይመለስም።

ይህ እንደሚሠራ የሚያስረዳ ምስክር አለ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሂዮብ ሉዶልፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውና ለ25 ዓመት እንዲዘልቅ የታቀደው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የብራና መጻሕፍት ጥናት መዝገቡንም ፕሮግራሙንም ለሕዝብ ክፍት ያደረገ ሲሆን፣ በፍለጋው ውስጥ ድምፀ ተመሳሳይ ፊደላትን አስተያይቶ የሚያመጣ ዘዴ አለው። ለብራናው የተደረገው ለታተመው መጽሐፍ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው የቃሉ እርባታ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ አንባቢ የቃሉን መጨረሻ በኮከብ ምልክት ቆርጦ ነጠላውንም ብዙውንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ምልክት ስለ ተዋሐደ፣ «ተራራ»ና «ተራሮች» የሚጋሩት «ተራ» የሚለውን ብቻ ነው፤ «ተራ» ብሎ ቆርጦ የፈለገ ሰው ደግሞ ተራኪና ተራማጅ ከተራሮቹ ጋር ይመጡበታል። ከፊት የሚለጠፉት «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ስለ» በመቁረጥ የማይደረስባቸው ስለ ሆኑ፣ «የስሜን ተራሮች» የሚለው ርእስ «ስሜን» ብሎ ለጻፈ ሰው አይመጣም።

ለዚህ የሚሆነው ዕውቀት ጠፍቶ አይደለም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የአማርኛ ቃላትን ወደ ግንዳቸው የመመለስን ዘዴ ለፍለጋ ሥራ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል፤ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለውን የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃል መተንተኛ ሠርቶ በክፍት ፈቃድ ለቆታል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1990 ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት ሆኖ በተመሠረተው ክፍል በዚሁ ጉዳይ ላይ የማስተርስ ተማሪዎች ተከታታይ ጥናት ጽፈዋል። የሚያሳዝነው፣ ጥናቶቹ ዲስፔስ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር በተደራጀው የዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ተቀምጠው ሳለ፣ ሉሲን ለዐረብኛ፣ ለሂንዲ፣ ለቱርክኛና ለአርመንኛ የተዘጋጀ የቃል መተንተኛ ይዞ ሲታደል ለአማርኛ ግን አንድም አለመያዙ ነው። ጥናቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ወደ መሣሪያው የሚያስገባ ሰው አጣን።

ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ለ»ን፣ «በ»ን፣ «ከ»ን ከቃል ፊት በጭፍን የሚቆርጥ ፕሮግራም «ለማ»ን «ማ»፣ «በላይ»ን «ላይ»፣ «ከበደ»ን «በደ» ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ግንድ መመለሻው በርእስና በርእሰ ጉዳይ ማውጫ ላይ ብቻ ይግባ፤ የሰው ስም ማውጫ በፊደል ማዋሐዱ ብቻ ይብቃው።

የሰው ስም ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ከውጭ ቤተ መጻሕፍት ተቀድቶ የሚመጣው መዝገብ አንዳንድ ጊዜ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድማል። በማርክ 21 የደራሲ ስም በሚገባበት በ100ኛው መስክ የመጀመሪያው ጠቋሚ 0 ሲሆን ስሙ በራሱ በሰውየው ስም እንደሚጀምር፣ 1 ሲሆን በቤተሰብ ስም እንደሚጀምር ይናገራል፤ ለኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚገባው 0 ነው። የአጻጻፉ ልዩነቶች፣ ማዕርጉ፣ የላቲኑ አጻጻፍ ሁሉ በስም መቆጣጠሪያ መዝገብ ውስጥ ከተያዙ፣ ኮሃ አንባቢዎች በየትኛውም አጻጻፍ መጥተው ወደ አንዱ እንዲደርሱ ያደርጋል። የዋልያና የዋሊያም ጉዳይ የሚፈታው በዚሁ ዓይነት የርእሰ ጉዳይ መዝገብ እንጂ በፊደል ደንብ አይደለም።

የዘመን አቈጣጠሩም ያስታል። በ1904 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በፈረንጅ 1911 ወይም 1912 ነው፤ ባለሙያው ሁለቱንም ካልጻፈ፣ በዓመት ወስኖ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመዝግቦ ያጣዋል።

የቀሩትን ሶፍትዌሮች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ቩፋይንድና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ብላክላይት ሁለቱም በሶልር ላይ ቆመው፣ ካታሎጉንና የጥናት ማከማቻውን በአንድ የፍለጋ ሣጥን የሚያገናኙ ውብ ገጾች ናቸው። ገጹ ቢያምርም ከሥሩ ያለው መዝገብ ጐዶሎ ከሆነ የሚያመጣው ጐዶሎውን ነው። ለደባርቅ ያህል ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን በኮሃ፣ የተማሪዎችንና የመምህራንን ጥናት በዲስፔስ ማደራጀት ይበቃል፤ የጎንደር፣ የዳባትና የደባርቅ ስብስቦች በአንድነት የሚፈለጉበት ቀን ሲመጣ ቩፋይንድን መጨመር ይቻላል።

የአገሩንም ሁኔታ ማሰብ ተገቢ ነው። ኮሃ በሊነክስ ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በተቀመጠ አንድ ሰርቨርና በውስጥ መስመር ብቻ ሊያገለግል ይችላል፤ የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥ የካታሎግ ፍለጋ አይቋረጥም። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ በደንብ እንዲዘጋ የሚያደርግ የባትሪ መጠባበቂያ ግን ያስፈልገዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ዳባት ገጠር ደርሶ ብዙ ንጹሓንን የቀጠፈ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ የካታሎጉን ቅጂ በአንድ ሕንፃ ብቻ ማኖር እንደማይገባ ልንስት አንችልም። የ50,000 መጻሕፍት መዝገብ በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ውስጥ ይገባል፤ በየሳምንቱ ገልብጦ አንዱን ቅጂ ጎንደር፣ ሌላውን ባሕር ዳር ማስቀመጥ ወጪው ከምንም አይቈጠርም።

ስለዚህ በደባርቅ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያላችሁ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሆይ፣ እነዚያን 37 መስመሮች በየቤታችሁ ለየብቻ ከመጻፍ በአንድነት አዘጋጅታችሁ፣ የግዕዝ መምህራንን አስመርምራችሁ፣ ለኮሃና ለሉሲን ማኅበረሰብ አበርክቱ፤ ከዚያ በኋላ የሚተከለው ሥርዐት ሁሉ ፊደላችንን አውቆ ይተከላል። አንባቢም በበኩልህ፣ የፈለግኸውን መጽሐፍ በካታሎጉ ባጣህ ጊዜ ዝም ብለህ አትውጣ፤ በየትኛው ፊደል እንደ ጻፍኸው በወረቀት ላይ አስፍረህ ለባለሙያው ስጠው፤ መዝገቡ የሚታረመው እንዲህ ባለው ማስታወሻ ነውና።